ጠገራ ብሩ የሮማ ነው ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም የእሳተ ገሞራ አመድ ስለቀበራት የጥንት ሮማውያን ከተማ፣ ስለ ፖምፔ ቁፋሮ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከወትሮው በዝተዋል። አብዛኞቹ ከጅማና ከአካባቢዋ ናቸው፤ ከሂርማታ፣ ከፈረንጅ አራዳ፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃ። ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆችም አላችሁበት። የእጅ ጽሕፈታችሁን አይቼ ለይቻችኋለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር። አባቴ ሂርማታ ያለውን አሮጌ ቤታችንን ሲያፈርስ ከግድግዳው ሥር ትልቅ የብር ሳንቲም አገኘ። በአንዱ በኩል የሴት ምስል፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት። ጽሑፉ ላቲን ነው። ጎረቤታችን በስልኩ ፈልጎ «የሮማውያን እቴጌ ይላል» አለን። ሮማውያን ጅማ ደርሰው ነበር ማለት ነው? (ከሂርማታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ጽሑፉን በትክክል አግኝቶታል። ሴትየዋ ግን የጥንቷ ሮማ ሰው አይደለችም። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። ባሏ «ቅድስት የሮማ ግዛት» ይባል የነበረው የመካከለኛው አውሮፓ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ስለነበር እሷም በዚያ ማዕረግ ተጠራች። ያ መንግሥት በ1806 ፈርሷል። በእጃችሁ ያለው አያቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚሉት ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ላይ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ የተሸጠው በዚህ ብር ነው። ሰውም ተሽጦበታል፤ ይህንንም አብረን ማስታወስ አለብን።

ሳንቲሙ ላይ 1780 የሚል ዓመት ታያለህ። እቴጌይቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብሩ ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ ከተሞች ሲመታ ኖሯል፤ ዓመቱ አልተቀየረም። ጣሊያን ሀገራችንን ለመውረር ስትነሳ በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ራሷ ሮም ከተማ ውስጥ መምታት ጀመረች። እና ያባትህ ብር ከሮም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከመጣ ግን የመጣው ከቄሳሮቹ ሳይሆን ከፋሺስቶቹ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። አርኪዮሎጂስቶች የሮማ ሰፈር ሲቆፍሩ ሳንቲም ሲያገኙ ደስ የሚላቸው በዋጋው አይደለም። የሮማ ሳንቲም ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ስምና ማዕረግ ይጻፋል። ማዕረጉ በየጊዜው ስለሚጨምር ብዙ ጊዜ የተመታበትን ዓመት ማወቅ ይቻላል። ሳንቲሙ ከወለል ሥር ከተገኘ ያ ወለል ከሳንቲሙ በፊት አልተሠራም ማለት ነው። ጠገራ ብር ይህንን አይነግርህም፤ ሁሉም 1780 ይላል። ስለዚህ አባትህን ሌላ ነገር ጠይቅልኝ፤ ብሩ ከግድግዳው ሥር የተገኘው በምን ሁኔታ ነው? በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር? ከጎኑ ገል፣ አጥንት፣ ጠርሙስ ነበር? ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ነው በታች? ብሩን ብቻ ብታሳየኝ የምነግርህ ይኸው የነገርኩህ ነው። ቦታውን ብታሳየኝ ግን ስለ ቤታችሁ ልንነጋገር እንችላለን።

ወደ ዋናው ጥያቄህ ልመለስ። በጅማ አካባቢ የሮማ ሰፈር አልተገኘም። የሮማው ንጉሠ ነገሥት የኔሮ ወታደሮች ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ60ዎቹ ዓመታት አካባቢ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሄደው መውጫ የሌለው ረግረግ ላይ እንደቆሙ ጥንታዊ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ብዙ ተመራማሪዎች የዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ረግረግ ነው ይላሉ። ሮማውያን በደንብ የሚያውቁን በሰሜን በኩል፣ በባሕር ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የግሪክኛ የነጋዴ መመሪያ የአዱሊስን ወደብ፣ አክሱምን፣ ዞስካሌስ የሚባል ንጉሥንም ይጠቅሳል። ንጉሡ ገንዘብ ወዳድ እንደሆነና ግሪክኛ እንደሚያውቅ ሳይቀር ጽፎልናል። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው መጠራ በተደረገ ቁፋሮ የሮማ ወርቅ ሳንቲሞች ያሉበት የወርቅ ጌጥ ተገኝቷል። የሓ አጠገብ ቤተ ሰማቲ በሚባል ቦታ ደግሞ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተቆፍሮ ወጥቷል። ውጤቱ በ2019 ታትሟል። እዚያ የተገኘው የወርቅ ቀለበት የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ድንጋይ አለው፤ ሥራው የሮማን የእጅ ጥበብ ያስታውሳል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የቅየሳ ተማሪ ነኝ። ሳይቆፈር ከመሬት በታች ያለውን ማወቅ ይቻላል ይባላል። እንዴት ነው? ከተቻለስ ለምን ይቆፈራል? (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ስለደረሰኝ ደስ ብሎኛል። የአንተ ሙያ ያለበት ነገር ነውና ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ የሚሠራው እግር ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሮም በስተሰሜን ያሉ ማሳዎች በትራክተር በጥልቀት መታረስ ጀመሩ። ማረሻው የጥንት ቤቶችን ቅሪት እያወጣ በተነው። ሮም ያለው የእንግሊዞች የጥናት ተቋም በጆን ዋርድ-ፐርኪንስ መሪነት ሰው አሰማርቶ ማሳውን በእግር አሰሰ። ሰዎቹ ተሰልፈው እየሄዱ ገል ይለቅማሉ፤ የት እንደተለቀመ ካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ገሉ የበዛበት ቦታ ቤት ነበረበት። የገሉ ዓይነት ዘመኑን ይናገራል። እንዲህ እንዲህ እያለ በየትኛው ዘመን ስንት እርሻ እንደነበረ፣ መቼ ሰው እንደበዛና መቼ እንደተሰደደ ታወቀ። አንድም ጉድጓድ ሳይቆፈር!

ሁለተኛው ከሰማይ ማየት ነው። ከሥሩ የድንጋይ ግድግዳ ያለበት አፈር ስስ ስለሆነ በድርቅ ጊዜ በላዩ ያለው ሰብል ቀድሞ ይጠወልጋል። የተሞላ ቦይ ያለበት ቦታ ደግሞ እርጥበት ስለሚይዝ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በ2018 እንግሊዝ ላይ በጋው ደረቅ ሆኖ ሲከርም የሮማ ዘመን እርሻዎችና ምሽጎች ቅርጽ ማሳው ላይ ተሥሎ ከአውሮፕላን ታየ። ዝናብ ሲመጣ ጠፋ።

ሦስተኛው መሣሪያ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ትልካለህ፤ ድንጋይ ሲያጋጥመው ይቸገራል፣ እርጥብ አፈር ውስጥ በቀላሉ ያልፋል። በማግኔት የሚሠራው እሳት የነደደበትን ምድጃና የሸክላ መተኮሻ ያገኛል። ራዳሩ ደግሞ ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ፋሌሪ ኖቪ የምትባል ከሮም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረች የሮማ ከተማ አለች። ስፋቷ 30 ሄክታር ተኩል ነው። የካምብሪጅና የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራዳሩን በአነስተኛ ተሽከርካሪ እየጎተቱ በየ12 ሴንቲ ሜትር ተኩሉ ለኩ። በ2020 የከተማዋን ካርታ አወጡ፤ መታጠቢያ ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ መቅደስ፣ ሌላ ቦታ አይተውት የማያውቁት ዓይነት ሐውልታዊ ሕንጻ። የውሃ ቧንቧዎቹ በመንገዱ ሥር ብቻ ሳይሆን በቤቶቹ ሥር እንደሚያልፉም ታየ። ቧንቧው ቀድሞ ታቅዷል፣ ቤቱ በኋላ ተሠርቷል ማለት ነው። አንተ የቅየሳ ተማሪ ስለሆንክ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል።

ታዲያ ለምን ይቆፈራል? ራዳር ግድግዳውን ያሳይሃል እንጂ መቼ እንደተሠራ፣ ሰዎቹ ምን እንደበሉ አይነግርህም። በ2018 ፖምፔ ላይ አንድ ክፍል ሲቆፈር ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ ማስታወሻ ተገኘ። ቀኑ ኦክቶበር 17 የሚል ነው። ፖምፔን የቀበረው የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የፈነዳው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ79 ዓመት ኦገስት 24 ነው ሲባል ኖሯል። ከሰል ደግሞ ግድግዳ ላይ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ብዙዎች አሁን ፍንዳታው በጥቅምት ነበር ይላሉ። ይህንን የትኛውም ራዳር አያነብልህም።

ግን ቁፋሮ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አፈሩን ካነሳኸው በኋላ መልሰህ እንደነበረ ልታደርገው አትችልም። ተማሪ እያለሁ ሰሜን ውስጥ አንድ ቁፋሮ ላይ ተለማማጅ ነበርኩ። ወንፊት ላይ ነበር የመደቡኝ። አንድ ቀን አንዲት ሰማያዊ ዶቃ ወለሉ ላይ ብቅ አለች። ሁላችንም እጃችንን ልንሰድድ ምንም አልቀረን። ኃላፊያችን ማንም እንዳይነካት አለች። ቀያሹ ሌላ ጉድጓድ ላይ ስለነበር እሱ መጥቶ እስኪለካት፣ እስክትሣልና ፎቶ እስክትነሳ በፀሐይ ቆመን ጠበቅን። ያን ቀን የሁላችንም አለቃ ቀያሹ ነበር። የፖምፔ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዛሬም ሳይቆፈር የቆየውም ለዚህ ነው። ቁፋሮ ከተጀመረ ከ1748 ወዲህ ብዙ ጊዜ አለፈ፤ ግን ከኛ የተሻለ መሣሪያ ይዘው ለሚመጡት መተው አለበት። እኔም በዚህ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የድሮ ከተሞች ለምን መሬት ውስጥ ገቡ? ማን ቀበራቸው? (6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአጋሮ)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አንዳንዴ እሳተ ገሞራ ነው፤ ፖምፔን አመድ ቀበራት። ብዙውን ጊዜ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ቤት ሲያረጅ ያፈርሱታል፤ ፍርስራሹን ደልድለው በላዩ ሌላ ይሠራሉ። እንግሊዝ ውስጥ ቪንዶላንዳ የሚባል የሮማ ምሽግ አለ። ወታደሮቹ የእንጨት ምሽጋቸውን አፍርሰው ጭቃና ሣር ደልድለውበት አዲስ ይሠሩ ነበር። ከሥር የቀረው አየር አጣ። አየር ከሌለ እንጨትና ቆዳ ቶሎ አይበሰብስም። ከ1973 ጀምሮ እዚያ ሲቆፈር እንደ ወረቀት የሳሱ እንጨቶች ወጡ፤ በላያቸው በቀለም የተጻፈ ደብዳቤ አለ! አንደኛው ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል ሴት ለጓደኛዋ ሱልፒኪያ ሌፒዲና የላከችው የልደት ጥሪ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ100 ዓመት አካባቢ የተጻፈ ነው። ልደቷ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ አንቺ ዛሬ እንቁጣጣሽ በምትይበት ቀን። ዋናውን ደብዳቤ ሌላ ሰው ጻፈላትና መጨረሻው ላይ በራሷ እጅ ጥቂት መስመር ጨመረች። ከምሽጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ጫማዎችም ወጥተዋል፤ የሕፃናት ጫማም አለበት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የምንኖረው ፈረንጅ አራዳ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሰው የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ይዞ መጣና ግቢያችሁ ውስጥ የጣሊያን ወርቅ ተቀብሯል፣ ቆፍሬ እኩል እንካፈል ይለናል። ባለቤቴ ልቡ ተነስቷል። ምን ትይናለሽ? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አታስገቢው። ይህን ወሬ በልጅነቴም እሰማ ነበር። በሌሊት የተቆፈሩ ግቢዎች አይቻለሁ፤ የቤት መሠረት ተነቅንቆ ግድግዳ የተሰነጠቀባቸውም አሉ። ማሽኑ ብረት ሁሉ ላይ ይጮኻል። ምስማርም ሆነ የቆርቆሮ ቁራጭ ያስጮኸዋል።

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። ጣሊያን ራሷ በ1909 ባወጣችው ሕግ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ነገር የመንግሥት ነው አለች።

ለባለቤትሽ ግን ይህንን ታሪክ ንገሪው። በ1992 ሆክስን በሚባል የእንግሊዝ መንደር አንድ ገበሬ መዶሻው ማሳ ውስጥ ጠፋው። ጓደኛው በብረት መፈለጊያ ማሽን ሊፈልግለት ሄደና የሮማ ወርቅና ብር አገኘ። ሰውዬው ምን አደረገ? ጥቂት ካወጣ በኋላ ቁፋሮውን አቁሞ ባለሥልጣናቱን ጠራ። አርኪዮሎጂስቶች መጥተው በሥርዓት አወጡት። ወደ 15,000 የሚጠጋ ሳንቲም ነበር። ዕቃው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ እንደነበር፣ ምኑ ከምኑ አጠገብ እንደተቀመጠ ታወቀ። አግኚው ሁሉንም ዘርግፎ በጆንያ ቢሞላው ኖሮ ሣጥን እንደነበረ እንኳ አናውቅም ነበር። 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፍሎት ከገበሬው ጋር ተካፈለ። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ ከዕቃው ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም አለ።

ከዕቃው መካከል በሴት ምስል የተሠራች የብር የቁንዶ በርበሬ ማስቀመጫ አለች። ከሥሯ የሚዞር ክዳን አላት፤ ሲዞር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይነሰንሳል። ቁንዶ በርበሬው ከሕንድ ነው የሚመጣው። መንገዱን ደግሞ ቀይ ባሕር ላይ ግብፅ ውስጥ ያለችው የቤረኒኬ ወደብ ቁፋሮ አሳይቶናል። እዚያ አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሕንድ በተሠራ ጋን ውስጥ 7 ኪሎ ተኩል ገደማ ቁንዶ በርበሬ እንዳለ ተገኝቷል፤ የ1ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሂርማታ ቅመም ለምትነግዱ ሰዎች ይህ ከወርቁ የሚበልጥ ዜና ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ኮንትራክተር ነኝ። መሠረት ስናወጣ የቆየ ነገር ቢገኝ ሥራው ይቆማል፣ እንከስራለን። ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል? (ከጅማ)

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ሮም ላይ የከርሰ ምድር ባቡሩ (የሜትሮው) ሦስተኛ መስመር ሲሠራ ከዚህ የባሰ ገጥሟቸዋል። በ2016 አንድ ጣቢያ ሲቆፈር ከመሬት በታች 9 ሜትር ገደማ የሮማ ወታደሮች ሰፈር ወጣ፤ 39 ክፍሎች አሉት፣ የንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን ነው። የጣቢያው መንገድ ስም ምን እንደሆነ ያውቃሉ? አምባ አራዳም! በ1928 ዓ.ም. (በኛ) የካቲት ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር በአውሮፕላን ቦምብ የተደበደበበት ተራራ ስም ነው። ፋሺስቶች ድላቸውን ሊዘክሩበት ነው መንገዱን በስሙ የጠሩት። ይህንን ዜና ያነበብኩ ቀን ለብዙ ሰዓት ከአእምሮዬ አልወጣም። ጣቢያው በኋላ ፖርታ ሜትሮኒያ ተብሏል። ጥንታዊው ቅሪትም የጣቢያው አካል እንዲሆን ተደርጓል።

ምክሬ ይኸው ነው። የቅድሚያ ጥናቱን ከቁፋሮ በፊት ያስጠኑ። እንግሊዝ ውስጥ ከ1990 ወዲህ የአርኪዮሎጂ ጥናቱ ወጪ በአልሚው ነው፤ ባጀት ውስጥ ቀድሞ ይገባል። ለዚህ ነው ኤክስካቫተሩ ሳይገባ አሰሳው የሚያልቀው። እኛም ሀገር በሥራ ላይ ድንገት ቅርስ ካገኙ ለባለሥልጣኑ ወዲያው ማሳወቅና ሳይነኩ መጠበቅ በዚያው በአዋጅ 209 ግዴታ ነው። በአቅራቢያዎ ካለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የቡና ጉድጓድ ስናወጣ ገል እየበዛብን ነው። ጌጥ ያለበትም አለ። ልጆቹ እየለቀሙ ይጫወቱበታል። ይጠቅማል? (ከሰቃ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ እማማ፣ በጣም ይጠቅማል። ሮማዊ አይደለም፤ የእርስዎ የራስዎ ሰዎች ነው፣ ለኛ ከሮማው ይልቃል። አይጠቡት። ጥቀርሻ ካለበት እንዳለ ይተዉት፤ ምን እንደተቀቀለበት በላቦራቶሪ ሊታወቅ ይችላል። ከየጉድጓዱ የወጣውን በየከረጢቱ ለያይተው ያስቀምጡ፤ ከረጢቱ ላይ ልጆቹ የጉድጓዱን ቦታ ይጻፉበት። ከየትኛው ዛፍ አጠገብ፣ ከጅረቱ በላይ ወይስ በታች፣ ምን ያህል ጥልቀት። በስልክም ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይደውሉ። መኪና ሳገኝ እኔም ለማየት እመጣለሁ፤ ቡና ያፈሉልኛል።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ለክረምት አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ከሮማ ጋር የተያያዘ ነገር የት አሳያቸዋለሁ? (ከጅማ)

መልስ፦ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዳቸው፤ አክሱም ክፍል። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የራሳቸውን የወርቅ ሳንቲም መትተዋል። ክብደቱ ከሮማ ጋር ለመገበያየት እንዲመች የተመጠነ ነው፤ ጽሑፉም ግሪክኛ ነው። የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላ መካከል ነው፤ ልጆቹ ዛላውን ይፈልጉት። ሳንቲሞቹ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ አጉሊ መነጽር ይዘህ ሂድ። ሙዚየሙ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓትም ሳትደውል አትሂድ።